የሪሞትና የመኪና በር ሽቦ ችግር፦ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ጉድለቱን የምታገኙበት መንገድ

ኅዳር ላይ ነበር። ደብረ ብርሃን ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኗል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሪሞቱን ተጫንኩ። ሦስቱ በሮች ተከፈቱ፣ የሹፌሩ በር ግን ዝም አለ። በቁልፍ ከፍቼ ገባሁ። መስኮቱም አይወርድም። ቀጠሮ ነበረኝና እንዲሁ ተነሣሁ። ጣርማ በርን አልፌ፣ ደብረ ሲናን ወርጄ ሸዋ ሮቢት ስደርስ ጃኬቴን አውልቄያለሁ። መኪናዋን አቁሜ ሪሞቱን ስጫን አራቱም በሮች ቀጭ አሉ። መስኮቱም እንደ አዲስ ወረደ። ማታ ደብረ ብርሃን ስገባ ደግሞ ያው የጠዋቱ ዝምታ።

መጀመሪያ ያሳየሁት ጋራዥ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) እንኳ ሳያወጣ «ወንድሜ፣ ይሄ የበሩ ኮምፒውተር ነው፤ ተቃጥሏል» አለኝ። ዋጋውን ስሰማ ደነገጥኩ። ግን አንድ ነገር አልዋጥ አለኝ። የተቃጠለ ኮምፒውተር ሮቢት ሲደርስ እንዴት ይድናል? ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ነው። ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ነው። በመካከላቸው የተለወጠው ዋናው ነገር ሙቀቱ ነው። ሲቀዘቅዝ የሚጠፋ፣ ሲሞቅ የሚመለስ ነገር መፈለግ ነበረብኝ። ያገኘሁት በበሩና በመኪናው አካል መካከል ባለው ጎማ ቱቦ ውስጥ የተቆረጠ አንድ ሽቦ ነው።

ይህን የምጽፈው እናንተም ያልተበላሸ ዕቃ እንዳትገዙ ነው። የሪሞትና የበር ችግር ብዙውን ጊዜ በርካሽ ነገር ይፈታል። ቅደም ተከተሉን መያዝ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ርካሹንና ቀላሉን አስቀድሞ፣ ውዱን መጨረሻ ላይ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ቴስተር፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ናስትሮ፣ የእጅ ባትሪ። ከእነዚህ በተጨማሪ አንድ የኋላ ፍሬን መብራት አምፖል አምጡና ሁለት ሽቦ ቀጥሉበት። ባለ 21 ዋት ይሁን። ይህቺ አምፖል ብዙ ሰው የማይገምተውን ሥራ ትሠራለች፤ በኋላ እመለስባታለሁ። የሚያግዛችሁ ሰውም ያስፈልጋል። የጎረቤት ልጅ ሪሞት መጫን ከቻለ ይበቃል።

አንደኛ፦ ምንም ሳትፈቱ ጉድለቱ ከየት ወገን እንደሆነ ለዩ

ሪሞቱን ስትጫኑ የሚሆነው ይህ ነው። ሪሞቱ የሬዲዮ ሞገድ ይልካል። መኪናው ውስጥ ያለ ተቀባይ ያዳምጠዋል። የበሮቹ ኮምፒውተር ቁልፉ የራሱ መሆኑን አረጋግጦ ለመቆለፊያ ሞተሮቹ ኤሌክትሪክ ይለቃል። ኤሌክትሪኩ በጎማው ቱቦ ውስጥ አልፎ በሩ ውስጥ ያለውን ትንሽ ሞተር ያዞራል። እንግዲህ ሰንሰለቱ የቱ ጋ እንደተበጠሰ መጠየቅ ነው።

በበሩ የውስጥ ክንድ ላይ ያለውን የመቆለፊያ ማብሪያ ተጫኑ። በማብሪያው ሁሉም በሮች ከተቆለፉና በሪሞቱ ግን ዝም ካሉ፣ ሽቦውና ሞተሮቹ ደህና ናቸው። ችግሩ ሪሞቱ ወይም ተቀባዩ ዘንድ ነው። በሁለቱም መንገድ ሁሉም በሮች ዝም ካሉ ፊውዝ፣ ማሳ (ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት መስመር) ወይም ኮምፒውተሩ ነው። አንድ በር ብቻ ካስቸገረ የዚያ በር ሽቦ ወይም ሞተር ነው፤ ሪሞቱን አትንኩት። በሩን ስትከፍቱና ስትዘጉ ችግሩ አንዴ ከመጣ አንዴ ከጠፋ ደግሞ በቀጥታ ወደ ጎማው ቱቦ ሂዱ።

አንድ ነገር አይደባለቅባችሁ። ሪሞቱ በሩን አልከፍት አለ ማለት የመኪናው ሞተር አይነሣም ማለት አይደለም። ብዙ ቁልፎች ውስጥ ሞተር ለማስነሣት የሚያገለግል ባትሪ የማይፈልግ ቺፕ አለ። ስለዚህ የሪሞቱ ባትሪ ሞቶ እንኳ መኪናው ሊነሣ ይችላል።

ሁለተኛ፦ ሪሞቱ

መለዋወጫ ቁልፍ ካላችሁ በእሱ ሞክሩ። እሱ ከሠራ ጥያቄው ግማሽ አለቀ።

ባትሪው አብዛኛውን ጊዜ ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ነው። ጀርባው ላይ 2032፣ 2016 ወይም 1632 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። ቁጥሩ የስፋቱና የውፍረቱ ልክ ስለሆነ ያንኑ ቁጥር ግዙ። 2016 ከ2032 ይሳሳል፤ ወረቀት ደርቦ ማስገባት መፍትሔ አይደለም። በቴስተር ስትለኩት አዲስ ባትሪ ከ3 ቮልት በላይ ያሳያል። ከ2.8 በታች ከሆነ ቀይሩት። ብርድ ደግሞ የባትሪን ጉልበት ይቀንሳል። ውጭ ያደረ ቁልፍ ጠዋት እምቢ ካለ ለጥቂት ደቂቃ በእጃችሁ ጨብጡት ወይም ብብት ውስጥ ያዙት። ሞቆ ከሠራ ባትሪው እየደከመ ነው።

ሪሞቱን ስትከፍቱ ባትሪው የሚነካቸውን ሁለት ብረቶች እዩ። ዝገት ወይም አረንጓዴ ነገር ካለ በአልኮል በራሰ ጨርቅ ጥረጉ። ተላልተው ከሆነ በጥንቃቄ ቀና አድርጓቸው። ትንሿ መብራት ስለበራች ብቻ ሪሞቱ ደህና ነው አትበሉ። መብራቷ በጣም ትንሽ ጉልበት ነው የምትፈልገው። በስልክ ካሜራ ማየትም አይጠቅምም። ያ ዘዴ በማይታይ ብርሃን ለሚሠራ የቴሌቪዥን ሪሞት ነው። የመኪናው በሬዲዮ ሞገድ ነው የሚሠራው፣ ካሜራ አያየውም።

ያገለገለ ሪሞት የምትገዙ ከሆነ ቅርፁን ብቻ አትመልከቱ። ለጃፓን የተሠሩ መኪኖች ብዙ ጊዜ 315 ሜጋኸርዝ ገደማ፣ ለአውሮፓና ለገልፍ አገሮች የተሠሩት ደግሞ 433 ሜጋኸርዝ ገደማ ይጠቀማሉ። እኛ አገር ከሁሉም አቅጣጫ የመጡ መኪኖች ስላሉ፣ መልኩ ቁርጥ የእናንተን የመሰለ ሪሞት ፈጽሞ ላይሠራ ይችላል።

አንድ ቦታ ብቻ ላይ እምቢ የሚል ሪሞት ካጋጠማችሁ መኪናውን 100 ሜትር ያህል አርቃችሁ ሞክሩ። ሲጋራ መለኮሻው ላይ የተሰካ ርካሽ የስልክ ቻርጀር ካለም ንቀሉት። ሞገድ የሚረብሽ አለ።

በኪስ ይዛችሁት የሚከፍት ስማርት ቁልፍ ከሆነ፣ ባትሪው ሲሞት ውስጡ የተደበቀ የብረት ቁልፍ አለ። በሩን በእሱ ክፈቱ። ብዙ ቶዮታዎች ላይ ፍሬን ረግጣችሁ ቁልፉን የሞተር ማስነሻው ላይ አስጠግታችሁ ስትይዙት መኪናው ያውቀዋል፤ ከዚያ ማስነሻውን ተጫኑ። ጉዋሳ ወይም መሐል ሜዳ መንገድ ላይ ከመቅረት ያድናል።

ሦስተኛ፦ የመኪናው ባትሪና ፊውዝ

ሞተር ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት የቆየ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። 12.2 ከሆነ ግማሹ አልቋል። ከ12 በታች ከወረደ የበር ኮምፒውተሩ የማይሆን ነገር ሁሉ ሊያደርግ ይችላል። መጀመሪያ ቻርጅ አድርጉ።

ፊውዝ በዓይን አይመረመርም። ስንጥቁ አይታይም። ፊውዙን ሳትነቅሉ የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ማሳ ላይ አድርጉና ጀርባው ላይ ያሉትን ሁለት ትናንሽ ብረቶች በቀዩ ጫፍ አንድ በአንድ ንኩ። በሁለቱም 12 ቮልት ካለ ደህና ነው። በአንዱ ብቻ ካለ ተቃጥሏል። የበርና የውስጥ መብራት ፊውዞችን ሁለቱንም እዩ፤ በብዙ መኪኖች የሪሞቱ ተቀባይ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከውስጥ መብራቱ ፊውዝ ነው። ስትቀይሩ በያዘው ቁጥር ቀይሩ። ቀይ 10፣ ሰማያዊ 15፣ ቢጫ 20፣ አረንጓዴ 30 አምፔር ነው። በ10 ቦታ 30 የሚከት ወይም የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት የሚጠቀልል ሰው አይቻለሁ። ይህን ፈጽሞ አታድርጉ። ፊውዙ ካልተቃጠለ የሚቃጠለው ሽቦው ነው።

አዲሱ ፊውዝ ወዲያው ከተቃጠለ የሆነ ቦታ ሽቦ ከብረት ጋር ተነካክቷል። ያም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ጎማ ቱቦ ውስጥ ነው።

አራተኛ፦ በኋላ የተገጠመ ሴንትራል ሎክ አለ?

ብዙ መኪኖቻችን ላይ ሴንትራል ሎክ (ሁሉንም በሮች አብሮ የሚቆልፈው)፣ ሪሞትና አላርም በኋላ የተገጠመ ነው። ከዳሽቦርዱ ሥር አንገታችሁን አስገቡና እዩ። በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ፣ የተንጠለጠለ የሽቦ ጥምጣም ካለ ከእሱ ጀምሩ። ናስትሮ ሮቢት ላይ ሙጫው ይቀልጣል፣ ደብረ ብርሃን ላይ ይደርቃል። በዚህ ዓይነት ሲስተም የሹፌሩ በር ሞተር አብዛኛውን ጊዜ አምስት ሽቦ አለው፣ የሌሎቹ ሁለት ሁለት። በሹፌሩ በር ስትቆልፉ ሌሎቹ ካልተከተሉ ከአምስቱ ሽቦዎች ትእዛዝ የሚያስተላልፉት ተቋርጠዋል ማለት ነው።

አምስተኛ፦ መኪናው በሩ ክፍት ነው ብሎ ያስባል?

ሪሞቱ ይከፍታል፣ አይቆልፍም። ወይም ይቆልፍና ወዲያው ይከፍታል። የውስጡ መብራት አይጠፋም። እነዚህን ካያችሁ ለመኪናው የበሩን መዘጋት የሚነግረውን ማብሪያ ተጠራጠሩ። በአሮጌ መኪኖች በበሩ ምሰሶ ላይ ያለች የጎማ ኮፍያ ያላት ቁልፍ ነች። በጣት ተጫኗት፤ መብራቱ ከጠፋ እሷ ደህና ናት፣ በሩ በደንብ እየተጫናት አይደለም። በአዳዲሶቹ ግን የበሩ መቆለፊያ ውስጥ ነው የተደበቀችው። በሩ ክፍት እንደሆነ መያዣውን በካቻቢቴ ገፍታችሁ እንደተዘጋ አድርጉት። መብራቱ ካልጠፋ ማብሪያው ወይም ሽቦው ነው። ስትጨርሱ እጀታውን ስባችሁ መልሱት፤ ረስታችሁ በሩን ብታላጉ መቆለፊያው ይሰበራል።

የጠጠር መንገድ አቧራ እዚህ ላይ ጠላት ነው። አንኮበርና መንዝ የሚመላለስ መኪና መቆለፊያው ውስጥ አቧራና ቅባት ተቀላቅሎ ይጋገራል። ብርድ ሲመታው ይደርቃል። አጽድታችሁ አዲስ ነጭ ግሪስ ትንሽ ቀቡት። ከፊሉ ችግር በዚህ ብቻ ይጠፋል።

ስድስተኛ፦ ጎማው ቱቦ

ዋናው ቦታ ይህ ነው። በሩን ሙሉ በሙሉ ክፈቱና በማጠፊያዎቹ መካከል ተመልከቱ። ከመኪናው አካል ወደ በሩ የሚገባ፣ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ጥቁር ጎማ ታያላችሁ። የመቆለፊያው፣ የመስኮቱ፣ የስፒከሩ፣ የመስታወቱ ሽቦ ሁሉ በዚህ ያልፋል። የሹፌሩ በር በቀን ስንት ጊዜ ይከፈታል? ሽቦዎቹ በዚያ ቁጥር ይታጠፋሉ። ከዓመታት በኋላ ውስጡ ያለው መዳብ ክር በክር ይበጠሳል። በላዩ ያለው ፕላስቲክ ግን እንዳለ ሊቆይ ይችላል። ለዚህ ነው በዓይን የሚያታልለው። በብርድ ፕላስቲኩ ይኮማተራል፣ ይደርቃል፤ የተቆረጡት ጫፎች ይራራቃሉ። ሲሞቅ ይላላና እንደገና ይነካካሉ። የእኔ መኪና ሮቢት ላይ የዳነችው በዚህ ነው። ከኋላ በር የሚከፈት መኪና ካላችሁ የኋላው በር ጎማም እንዲሁ ነው።

መጀመሪያ ምንም ሳትፈቱ ረዳታችሁ ማብሪያውን እየደጋገመ ይጫን። እናንተ ቱቦውን በእጃችሁ እጠፉት፣ ጠምዝዙት፣ በሩን ቀስ ብላችሁ አንቀሳቅሱት። ሞተሩ ለአንድ አፍታ እንኳ ከተነሣ አገኛችሁት።

ለመክፈት ከመነሣታችሁ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ቢጫ ሶኬት ወይም ቢጫ መሸፈኛ ያለው ሽቦ ካያችሁ የኤርባግ ነው። አትንኩት፣ አትለኩት፣ አምፖል አታስገቡበት።

ከዚያ የጎማውን ጫፍ በጣታችሁ ከቀዳዳው አውጡና ወደ ኋላ ስቡት። በካቻቢቴ አትፈልቅቁት፤ ከተቀደደ ክረምት ላይ ውኃ ያስገባል። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ያዙና ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ደህና ሽቦ አይለጠጥም። ውስጡ የተበጠሰ ግን እንደ ላስቲክ ሳብ ይላል፣ ወይም ስታጥፉት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ልምሾ ይሆናል።

አሁን ያቺ አምፖል ትምጣ። ብዙ ሰው በቴስተር ድምፅ ይለካና «ጮኸ፣ ደህና ነው» ይላል። ይህ ትልቁ ስሕተት ነው። ከ20 ክር 19ኙ ተበጥሰው አንዱ ብቻ ቢቀር ቴስተሩ ይጮኻል። ያ አንድ ክር ግን ሞተር ለማዞር ላይበቃ ይችላል። ባለ 21 ዋት አምፖል በ12 ቮልት 1.75 አምፔር ትስባለች። ሽቦውን በሁለቱ ጫፎቹ ካሉት ሶኬቶች ነቅላችሁ ብቻውን አስቀሩት። ከዚያ ከባትሪው ፖዘቲቭ በፊውዝ በኩል በዚያ ሽቦ አልፎ በአምፖሏ በቀጥታ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ እንዲሄድ አድርጉ። ቦግ ብላ ከበራች ሽቦው ጤነኛ ነው። ከደበዘዘች ወይም ስታጥፉት ከጠፋች ታሟል። ከኮምፒውተሩ ጋር በተያያዘ ሽቦ ላይ ግን ይህን እንዳትሞክሩ፤ መጀመሪያ መንቀል ግዴታ ነው።

ማሳውን አትርሱ። በቶዮታ መኪኖች ነጭ ሆኖ ጥቁር መስመር ያለው ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ማሳ ነው። መስኮቱም መቆለፊያውም አብረው ከደከሙ እሱን ተጠራጠሩ። ባትሪውን መልሳችሁ ቀጥሉ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በሩ ውስጥ ባለው ማሳ ላይ፣ ሌላውን በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርጉና መስኮቱን አንቀሳቅሱ። ከ0.2 ቮልት በታች ከሆነ ጥሩ ነው። ከግማሽ ቮልት ካለፈ ማሳው ጋ ችግር አለ።

ሰባተኛ፦ ሞተሩ

ሽቦው ደህና ከሆነ የበሩን ፓኔል ታወርዳላችሁ። በዚህ ላይ ምክሬን ስሙኝ፤ ጠዋት በብርድ አትሥሩ። የፕላስቲክ ክሊፖቹ እንደ ብስኩት ይሰበራሉ። ፀሐይ ወጥታ በሩን ካሞቀችው በኋላ፣ ከ5 ሰዓት ወዲያ ጀምሩ። ብሎኖቹ ከእጅ መደገፊያው ሥርና ከውስጥ እጀታው ኋላ ተደብቀዋል። እነሱን ሳትጨርሱ አትጎትቱ።

ከፓኔሉ ሥር ላስቲክ ተለጥፎ ታገኛላችሁ። ብዙ ሰው ቀዶ ይጥለዋል። በመስኮቱ በኩል የሚወርደው ዝናብ ወደ ሶኬቶቹ እንዳይገባ የሚከለክለው እሱ ነው። በጥንቃቄ ላጡት፣ ስትጨርሱ መልሳችሁ ለጥፉት። የበሩ ታች ያሉትን የውኃ መውጫ ቀዳዳዎችም በሽቦ ክፈቱ፤ ጭቃ ይደፍናቸዋል።

ወደ ሞተሩ የሚገባውን ሶኬት ንቀሉና አምፖሏን በሁለቱ የሞተር ሽቦዎች መካከል አድርጉ። ሶኬቱ ብዙ ሽቦ ካለው የሞተሩ ሁለቱ ወፈር ያሉት ናቸው። ረዳታችሁ ይቆልፍ፣ ይክፈት። አምፖሏ በሁለቱም ጊዜ ብልጭ ካለች ኤሌክትሪኩ ደርሷል፣ ሞተሩ ነው የሞተው። ምንም ካላለች ችግሩ ከሞተሩ በፊት ባለው መስመር ነው፤ ወደ ኋላ ተመለሱ። ለዚህ አምፖል ከቴስተር ይሻላል። ትእዛዙ ከሰከንድ በታች ስለሚቆይ የቴስተሩ ቁጥር ሳይረጋ ያልፋል።

በእጅ መታ ሲያደርጉት የሚነሣ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ካርቦን አልቋል። ለጊዜው ይሠራል፣ ግን መቀየሩ አይቀርም።

ስምንተኛ፦ ሽቦውን መጠገን

የተቆረጠውን እዚያው ጎማ ውስጥ አገናኝቶ በናስትሮ መጠቅለል ለሦስት ወር ነው። ሶልደር የተደረገ (በቀለጠ እርሳስ የተጣበቀ) ቦታ ይገትራል። በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ከሆነ ከጎኑ እንደገና ይበጠሳል። የታመመውን ክፍል በሙሉ ቆርጣችሁ አውጡ። በተመሳሳይ ውፍረት፣ ብዙ ቀጫጭን ክር ባለው ልስልስ ሽቦ ተኩት። አንዱ መጋጠሚያ በሩ ውስጥ፣ ሌላው መኪናው ውስጥ ይሁን፤ በጎማው ውስጥ የሚያልፈው ያልተቀጠለ ሽቦ ብቻ ይሁን። ብዙ ሽቦ የምትቀጥሉ ከሆነ መጋጠሚያዎቹን አንድ ቦታ ላይ አትደርድሩ፣ አለበለዚያ ያብጥና አያልፍም። ሶልደር አድርጋችሁ በእሳት በሚኮማተር ቱቦ ሸፍኑት። በሩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት እንዳይወጠር ትንሽ ልል ይሁን። አንዱ ከተበጠሰ ጎረቤቶቹም እየደከሙ ነውና ጎማው ክፍት እያለ ሁሉንም መርምሩ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ምንም ካልተገኘ ያን ጊዜ ኮምፒውተሩን ጠርጥሩ። የበሩን ኮምፒውተር ማንበብ የሚችል ማሽን ያለው ባለሙያ ዘንድ ውሰዱት። ስልክ ላይ የሚሠሩት ርካሽ ማንበቢያዎች በአብዛኛው የመኪናውን ሞተር ኮምፒውተር ብቻ ነው የሚያነቡት። የለካችሁትን ጽፋችሁ ያዙና ንገሩት።

ፓኔሉን ከመመለሳችሁ በፊት በሩ ክፍት እንደሆነ 20 ጊዜ ያህል ቆልፉ፣ ክፈቱ። ከዚያ አንድ ሌሊት ውጭ አሳድሩትና ውርጩ ሳይቀልጥ ሞክሩት። እኔ ከጠገንኩ በኋላ በማግስቱ 12 ሰዓት ላይ ጋቢዬን ተከናንቤ ወጣሁ። መስታወቱ ላይ በረዶ ጋግሯል። ሪሞቱን ተጫንኩ። አራቱም በሮች በአንድ ድምፅ ቀጭ አሉ።